በቱሪስት ቪዛ አስተማሪ አይኮንም

የደረሰኝ ደብዳቤ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 29 ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ደመወዜ ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ አያልፍም። ሥራዬን ግን እወደዋለሁ። ባለፈው ሰሞን የ9ኛ ክፍል ልጆቼን የሽሮ ሜዳ ሻጭና ገዢ አድርጌ በእንግሊዝኛ አከራከርኳቸው። ደወሉ ሲደወል እንኳ አልሰሙትም። ምን ያደርጋል፣ በፍቅር ብቻ አይኖርም።

አንድ የምናውቀው ሰው ታይላንድ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ይፈለጋል አለኝ። ስታዲየም አካባቢ ካፌ ተገናኘን። ስልኩ ላይ የአንድ ትልቅ ሕንፃ ፎቶ አሳየኝ። የትምህርት ቤቱን ስም ስጠይቀው ‹ስትደርሺ ትሰሚያለሽ› አለኝ። በቱሪስት ቪዛ እገባለሁ፣ እዚያ ይቀየርልኛል። የሚፈልገው 220 ሺህ ብር ነው፣ ግማሹን አሁን። እናቴ ወርቋን ልትሸጥ ተነስታለች። ዕቁቤም በሚቀጥለው ወር ይወጣልኛል። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ዱባይ በቪዚት ግቢና እዚያው ፈልጊ› ትለኛለች። ሌሎቹ ‹ኢትዮጵያዊት ሆነሽ ማን እንግሊዝኛ አስተምሪ ይልሻል› ይላሉ። ማንን ልስማ? እርስዎ ውጭ እንዳስተማሩ ስለማውቅ ነው የጻፍኩልዎ።

መምህርት ት.፣ ከአራት ኪሎ»

ውድ መምህርት ት.፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ብዙ የምንነጋገረው አለ። መጀመሪያ ግን ገንዘቡ። አትክፈይ። ግማሹንም፣ ሩቡንም፣ «ለፎርም ብቻ» የሚባለውንም አትክፈይ። የእናትሽ ወርቅ ካለበት አይነሳ።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ታይላንድ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ የውጭ ዜጎች አሉ፣ ብዙም ናቸው። ትምህርት ቤት ገብቶ በሕግ የሚያስተምር ሰው ግን የሚይዘው «ኖን ቢ» የሚባለውን የሥራ ቪዛ ነው። ዲግሪ ይጠየቃል። ትምህርት ቤቱ ከአገሪቱ የመምህራን ምክር ቤት የማስተማር ፈቃድ ወይም ጊዜያዊ ፈቃድ ያወጣል። የሥራ ፈቃዱ ደግሞ ለብቻው ነው። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ያልሆነ ሰው ብዙውን ጊዜ የቋንቋ ፈተና ውጤት እንዲያመጣ ይጠየቃል። አሁን ሰውየው ካፌ ውስጥ ያለሽን ከዚህ ጋር አስተያዪው። ዲግሪሽን አላየም። የትምህርት ቤቱን ስም አልነገረሽም። ማንም ቃለ መጠይቅ አላደረገልሽም። እንግሊዝኛሽን አንዴ እንኳ ሳይሰማ እንግሊዝኛ አስተማሪ አድርጎ የሚቀጥር ትምህርት ቤት የት አለ?

ታይላንድ ሲባል የምደነግጥበት ሌላም ምክንያት አለኝ። የካቲት 2017 ላይ ምያንማር ውስጥ ያለ አንድ የታጠቀ ቡድን 260 ሰዎችን ወንዝ አሻግሮ ለታይላንድ ጦር አስረከበ። ከእነዚህ ውስጥ 138ቱ የኛው ልጆች ነበሩ። ምያዋዲ በምትባለው የድንበር ከተማ አካባቢ ግቢ ውስጥ ተዘግተው፣ በኢንተርኔት ሰው እንዲያጭበረብሩ ሲገደዱ የኖሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ቦታ የሚወድቀው ሰው ብዙውን ጊዜ ከአገሩ የሚወጣው «ባንኮክ ጥሩ ሥራ አለ» ተብሎ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያ በመኪና ይወሰዳል። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ድንበር ይደርሳል። እዚያ በጣም የሚፈለገው እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚጽፍ ሰው ነው። አንቺን የመሰለ ሰው ማለት ነው።

ያ ሰው ከእነዚያ ጋር ይሠራል እያልኩሽ አይደለም። ምናልባት እሱም የተነገረውን ነው የሚደግመው። ግን ቱሪስት ቪዛ፣ ስሙ የማይነገር ቀጣሪ፣ ቅድሚያ ክፍያ፤ መንገዱ ያው መንገድ ነው። ለእናትሽ ይህንን አንብቢላት። እምቢ ማለት ከከበደሽ «የቅጥር ውሉን ላክልኝና ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሄጄ ላሳይ» በይው። እውነተኛ ከሆነ ይልካል።

ሕጉንም ብታውቂው ጥሩ ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ይባላል፤ በ2013 በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሏል። ሠራተኛ ወደ ውጭ የሚልክ ኤጀንሲ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ የአሠሪው ወጪ ነው። በሠራተኛው ላይ የሚወድቀው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ የልደት ሰርተፊኬትና ከወንጀል ነፃ የሚለው የአሻራ ወረቀት ያለ ነው። እነዚህን ደምረሽ 220 ሺህ ብር አይመጣም።

የጓደኛሽ ሐሳብ ከዚያኛው ይሻላል። በቪዚት ገብቶ ሥራ ያገኘ ሰው የለም ብልሽ እዋሻለሁ። አለ። ግን ቪዚቱ 30 ወይም 60 ቀን ነው። በቪዚት መሥራት ክልክል ነው። የአልጋ ኪራይ በየቀኑ ይቆጥራል። ከሁሉም በላይ ግን ሰው የማይነግርሽ ነገር አለ። ትምህርት ቤቶቹ የተረጋገጠ ዲግሪ ይፈልጋሉ፤ የኢትዮጵያ ዲግሪ ማረጋገጫው የሚጀምረው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ሳታሠሪው ከሄድሽ አንቺ ዱባይ ተቀምጠሽ እናትሽ በውክልና ከቢሮ ቢሮ ሊንከራተቱ ነው። ቀኑ ያልቅብሻል። ያኔ «ምንም ይሁን ብቻ ልሥራ» ትያለሽ። በመምህርነት ወጥተው በሌላ ሥራ የቀሩ ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ። አብዛኞቹ እዚህ ጋ ነው የተሰናከሉት።

አሁን ወደዚያ ወደሚያመው ጥያቄሽ ልምጣ። «ኢትዮጵያዊት ሆነሽ ማን ይቀጥርሻል» ላሉሽ። እኔም ይህን ሰምቼ አልቅሼ አውቃለሁ፤ ስለዚህ በአቋራጭ አላልፈውም።

በከፊል እውነት ነው። ደቡብ ኮሪያ ለእንግሊዝኛ ንግግር አስተማሪዎች የምትሰጠው ኢ-2 የተባለው ቪዛ በመሠረቱ ለሰባት አገር ዜጎች ነው፦ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ብሪታንያ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ። የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆኚ ፓስፖርትሽ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ጃፓን ቋንቋው አፍ መፍቻው ያልሆነ አስተማሪ 12 ዓመት በእንግሊዝኛ እንዲማር ትፈልጋለች። አንቺ ከ7ኛ ክፍል ጀምረሽ ብትቆጥሪ እንኳ ሃይስኩሉና ዩኒቨርሲቲው ተደምሮ ዘጠኝና አሥር ላይ ያቆማል። ቻይናም በመርህ ደረጃ የቋንቋ መምህር የራሱን አፍ መፍቻ እንዲያስተምር ነው የምትጠይቀው፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ የግል ማስጠኛ ድርጅቶቹን ስለዘጋችና ስለገደበች በሩ ይበልጥ ጠበበ። በእነዚህ አገሮች ማስታወቂያ ላይ ቀንሽን አታባክኚ። እምቢ ሲሉሽም ስለ ማስተማርሽ የተናገሩት አንድም ነገር የለም። የማስተማርሽን ነገር እኮ አላዩትም።

ያልተዘጋም አለ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች የግል ትምህርት ቤቶች ከሕንድ፣ ከፊሊፒንስ፣ ከግብፅ፣ ከደቡብ አፍሪካ ብዙ መምህራን ይቀጥራሉ። የሚያዩት ዲግሪ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት የክፍል ልምድና የተረጋገጠ ሰነድ ነው። እኔም ያስተማርኩት እዚያ ነው፣ ሦስት ዓመት። ወደ ቅርብም ተመልከቺ። ሩዋንዳ በ2008 እ.ኤ.አ. የማስተማሪያ ቋንቋዋን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ቀይራለች። ደቡብ ሱዳን ከነፃነቷ ጀምሮ የመንግሥት ሥራ ቋንቋዋ እንግሊዝኛ ነው። ሰው «ውጭ» ሲል አፍሪካን ይዘለላል፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። እዚያ አንቺ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ተምረሽ ያወቅሽ መምህርት መሆንሽ ጥቅም ነው። ልጁ የት ጋ እንደሚሰናከል ከራስሽ ታውቂዋለሽ።

ሰነዱ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ጋ ነው።

የመጀመሪያውን ሥራ ሳገኝ ቃለ መጠይቁን አልፌ፣ ደመወዝ ተስማምቼ ነበር። ለጎረቤት ሁሉ ነግሬያለሁ። ሰነዴን ስልክ ዲግሪዬ ላይ ያለው የአባቴ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በአንድ አይነት፣ ፓስፖርቴ ላይ በሌላ አይነት ተጽፏል። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት። የልደት ዘመኔ ደግሞ አንዱ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሌላው ላይ በፈረንጅ ነው። ቀጣሪዎቹ «ይህቺ አንድ ሰው ናት ወይስ ሁለት?» አሉ። ለማስተካከል አራት ወር ፈጀብኝ። ቦታው በአራት ወር ውስጥ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ያን ክረምት ከቤት አልወጣሁም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ጠረጴዛ ላይ ፓስፖርትሽን፣ የልደት ሰርተፊኬትሽን፣ ዲግሪሽን፣ ትራንስክሪፕትሽንና የሥራ ልምድ ደብዳቤሽን ጎን ለጎን ደርድሪያቸው። ስምሽን፣ የአባትሽን ስም፣ የአያትሽን ስም ፊደል በፊደል አንብቢ። እስክሪብቶ ይዘሽ። ልዩነት ካለ ከሁሉ በፊት የሚስተካከለው እሱ ነው። ፎርም ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚል ስታገኚ አንዴ የአባትሽን አንዴ የአያትሽን አትጻፊ። ፓስፖርቱ እንዴት እንዳስቀመጠው አይተሽ ሁሌም እንደዚያው አድርጊ።

ዲግሪሽ ዋናው ነው ወይስ ጊዜያዊው፣ ቴምፖ የሚባለው? በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተምረሽ የወጪ መጋራቱን ካልጨረስሽ ዋናው አይሰጥሽም። ይህን ዛሬ እወቂው፣ ሥራ ካገኘሽ በኋላ ሳይሆን። ሬጅስትራር ስትሄጂ ደግሞ አንድ ነገር ጨምረሽ ጠይቂ፦ የተማርሽው በእንግሊዝኛ ቋንቋ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ። ብዙ ሰው አይጠይቀውም። ቀጣሪ ግን ያየዋል።

ማረጋገጡ በተራ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዲግሪው ትክክለኛ መሆኑን ያረጋግጣል። ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማህተሙን ያደርጋል። ከዚያ የምትሄጂበት አገር ኤምባሲ። አንዱን ዘለሽ ሌላው ጋ ብትሄጂ ይመልሱሻል። ወረፋው ያሰለቻል፣ ጠዋት በጊዜ ሂጂ። ከእያንዳንዱ ማህተም በኋላ ወረቀቱን በስልክሽ ሳይሆን በስካነር አስነሺው፤ ዋናውን ለማንም እንዳታስረክቢ።

የሥራ ልምድ ደብዳቤሽን አላየሁትም፣ ግን እገምተዋለሁ። «መምህርት እገሊት ከዚህ ዓ.ም. ጀምሮ በድርጅታችን በማገልገል ላይ ትገኛለች» የሚል ነው፣ አይደል? ያ አይበቃም። በእንግሊዝኛ ይጻፍልሽ። የትኛውን ትምህርት፣ የትኛውን ክፍል፣ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ፣ በክፍል ስንት ተማሪ እንደምታስተምሪ ይግለጽ። የርዕሰ መምህሩ ስልክና የትምህርት ቤቱ ኢሜይል ይኑርበት። ደውለው ይጠይቃሉና። ልትለቂ እንዳሰብሽ እንዳይጠረጥሩ ከፈራሽ «ለስልጠና ማመልከቻ ነው» በይ። ውሸትም አይሆንም፣ ስልጠናም ታመለክቻለሽ።

ስለ ስልጠናው ብዙ አልልም። 120 ሰዓት የሚል የቴፍል፣ ማለትም እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ የማስተማር፣ ሰርተፊኬት በኢንተርኔት በርካሽ ይሸጣል። ሁሉን የሚቆጣጠር አንድ አካል ስለሌለ አንዱ ከሌላው ሰማይና ምድር ነው። ከቻልሽ ሴልታን አስቢ። የካምብሪጅ የእንግሊዝኛ አስተማሪነት ሰርተፊኬት ነው። ውድ ነው፣ ግን ስድስት ሰዓት በእውነተኛ ተማሪዎች ፊት እያስተማርሽ ይገመግሙሻል፤ ቀጣሪዎች ዋጋ የሚሰጡትም ለዚያ ነው። አሁን ሙሉ በሙሉ በኦንላይንም ይወሰዳል። ዕቁብሽ ሲወጣ ለደላላ ከምትሰጪው ለዚህ ብታስቀምጪው እመርጣለሁ። አይኤልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ግን አትቸኩዪ። ውጤቱ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው። ሰነዱ ሲያልቅ ተፈተኚ። ለመዘጋጀት ከሥራ ስትወጪ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በእግርሽ ነው። መምህርት ነኝ ብለሽ የጽሑፍ ፈተናውን አትናቂው፤ እኔ ንቄው ከጠበቅኩት ዝቅ ያለ ውጤት ይዤ ወጥቻለሁ።

አንድ ሌላ መንገድም አለ። እዚሁ ከተማ ውስጥ እንደ ሳንፎርድ ያሉ የውጭ ሥርዓተ ትምህርት የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ። እንዲህ ያለ ቦታ አንድ ሁለት ዓመት ብትሠሪ ማመልከቻሽ ላይ የሚታወቅ ስም ይገባል። የባሕረ ሰላጤው ትምህርት ቤቶች የሚጠይቁትን «አይጂሲኤስኢ» የሚባለውን የእንግሊዝ የሃይስኩል ሥርዓተ ትምህርትም ከውስጥ ታውቂዋለሽ። ሞክሪ፣ ማመልከት አይከፈልበትም።

ውል እጅሽ ሲገባ ደግሞ ተረጋጊ። ደስታው ዓይን ይጋርዳል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስን ብንወስድ፣ ሕጉ አሠሪው የቅጥር ወጪውን ከሠራተኛው እንዳይወስድ ይከለክላል። ስለዚህ «የቪዛ» ብሎ የሚጠይቅሽ ትምህርት ቤት ራሱን አጋልጧል። ጠቅላላ ደመወዙን ብቻ አትዪ። መነሻ ደመወዙ፣ ማለትም አበል ሳይጨመር ያለው፣ ስንት ነው? ከአንድ ዓመት በላይ ሠርተሽ ስትለቂ የሚሰጥሽ የአገልግሎት ክፍያ፣ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ የሚሰላው በመነሻ ደመወዙ ነው። አንዳንዱ መነሻውን ትንሽ አድርጎ ቀሪውን አበል ይለዋል። እኔ ይህን ያወቅኩት ስለቅ ነው። የመኖሪያ ቤት ለብቻሽ ነው ወይስ ከሌላ መምህርት ጋር? ትኬቱ በየዓመቱ ነው ወይስ አንዴ? የክረምቱ ወራት ይከፈላል? ጠይቂ፣ መልሱም በጽሑፍ ይሁን። ፓስፖርትሽን ለማህተም ከወሰዱብሽ መቼ እንደሚመልሱ ጠይቂ። ከእኔ ሦስት ሳምንት ይዘውት ቆይተዋል፤ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። አሠሪ ፓስፖርት ይዞ እንዲቆይ ሕጉ አይፈቅድለትም።

ሥራሽን አሁን አትልቀቂ። በብዙዎቹ የባሕረ ሰላጤው ትምህርት ቤቶች የትምህርት ዓመቱ የሚጀምረው ነሐሴ ማለቂያ ላይ ነው። ቅጥሩ ከኅዳር ጀምሮ እስከ መጋቢትና ሚያዝያ ይካሄዳል። ሰነድሽን እስከ ጥቅምት ብትጨርሺ፣ ኅዳር ላይ ማመልከት ብትጀምሪ፣ ሰኔ ላይ ልጆችሽን አስፈትነሽ በክብር ትሰናበቻለሽ። ማመልከቻውን በቀጥታ በትምህርት ቤቶቹ በራሳቸው ድረ ገጽ ላኪ። ሃያ ልከሽ አንድ ብቻ ቢመልስልሽ እንዳትደነግጪ፣ ለእኔም እንደዚያ ነበር።

ማመልከቻው ላይ ምን እንደምትጽፊ ልንገርሽና ልጨርስ። «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል» አትበይ። ሁሉም ይለዋል። የሽሮ ሜዳውን ጻፊ።

እውነቴን ነው። በደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ መስመር ያለፍሽው ትልቁ ነገር እሱ ነው። 9ኛ ክፍል፣ ምናልባት 50 ልጅ፣ አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ጠመኔ። ግማሹ ነጠላና ቀሚስ ሻጭ፣ ግማሹ ገዢ። ዋጋ ሲከራከሩ «በጣም ውድ ነው»፣ «ይህኛው ከዚያኛው ይረክሳል» ማለት አለባቸው። ማወዳደሪያ ሰዋስውን ሳያውቁት ይዘውት ወጡ። ልጅ በአፉ ከለመደው ነገር ተነስተሽ ወደማያውቀው ወሰድሽው። ቃለ መጠይቅ አድራጊ «ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል እንዴት ታናግሪያቸዋለሽ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እኔን ሁለት ቦታ ጠይቀውኛል። አንቺ መልሱ በእጅሽ ነው። ዓላማው ምን ነበር፣ እንዴት ከፈልሻቸው፣ ዝም ያለችውን ልጅ እንዴት አስገባሻት፣ መጨረሻ ላይ ምን አወቁ፤ በአንድ ገጽ ጻፊው። ብዙ ጊዜ ደግሞ በቪዲዮ የአሥር የአሥራ አምስት ደቂቃ የሙከራ ትምህርት አስተምሪ ይሉሻል። ያንኑ አስተምሪ። ሽሮ ሜዳን አታውጪው፣ የነጠላውን ጥለት በእጅሽ ይዘሽ አሳዪያቸው።

ከዚያ በፊት ግን አንዴ በክፍልሽ ውስጥ ቅረጪው። ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጂ። ስልኩን ከኋላ መስኮቱ ላይ አስደግፊው፣ የልጆቹ ፊት እንዳይታይ፣ ያንቺ ድምፅ ግን እንዲሰማ። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ ሳይሰሙት የሚቀጥሉበትን ቦታ እንዳትቆርጪው።